በማን እጅ

ሻምበል ቢሻውን ካመናችሁት፣ በዚያ ጦርነት የሞተ ወታደር ሁሉ የሞተው በአንድ መንገድ ነው፤ የጠላት ምሽግ ላይ ቆሞ፣ ግንባሩን ተመትቶ፣ «ወደፊት!» ብሎ እየጮኸ። ከእኛ ክልል ብቻ ስድሳ ሦስት ልጆች እንዲህ ሞተዋል። አንዱም ከኋላው አልተመታም፤ አንዱም አልታመመም፤ አንዱም «እናቴን!» አላለም። የስድሳ ሦስቱንም የመርዶ ደብዳቤ በታይፕ የመታሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

አርባኛው ላይ ስደርስ ጣቶቼ ያለ እኔ መጻፍ ጀምረው ነበር። «ልጅዎ የጠላትን ምሽግ በመደርመስ ላይ ሳለ በክብር ተሰውቷል። የመጨረሻ ቃሉም ‹ወደፊት!› የሚል ነበር።» ስሙን መለወጥ፣ ቀበሌውን መለወጥ፣ ካርቦኑን ማስተካከል፣ እንደገና መምታት። ከመካከላቸው አንዱ ወጥ ቤት ነበር። «ሻምበል፣ ይኼኛው ድስቱን ጥሎ ነው ምሽግ የደረመሰው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

የወርቅውሃ እባላለሁ፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። አሶሳ የመጣሁት ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት፣ «ታይፒስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው። አዲስ ክልል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይገባውም። ማኅተማችን ከወንበራችን ቀድሞ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የጽሕፈት መኪናዬን የዱቄት ወተት ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ ራሴ የቀርከሃ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የመንግሥት ደብዳቤ የጻፍኩት። ያን ጊዜ ግን ቢያንስ የምጽፈው ስለ መንገድና ስለ ክሊኒክ ነበር። መንገዱ ባይሠራም ሊሠራ ይችላል ብዬ አምን ነበር።

የባድመው ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ «የመርዶ ኮሚቴ» የሚባል ነገር ተቋቋመና ከሥራዬ አንስተው እዚያ ላኩኝ። ልጆቹ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። እናቶቻቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየወጡ «ከግንባር የመጣ ሰው አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሻምበል ቢሻው የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ መጣ። ልጆቹን ከበሮ አስመትቶ፣ ሜዳ ላይ አሰልፎ የመለመላቸው እሱ ነው። ግንባር ይዟቸው የሄደውም እሱ ነው። አሁን ደግሞ መርዷቸውን ይዞ የመጣው እሱ ሆነ። አለቆቹ «ሕዝቡ ያውቀዋል» ብለው እንደ ላኩት ሰማሁ። በእርግጥ ያውቀዋል።

መልከ መልካም ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ዩኒፎርሙ ላይ አንድ የተጨማደደ ቦታ አይታይም። በዚያ የአሶሳ አቧራ ጫማው ሁልጊዜ ያብለጨልጫል፤ የሚጠርግለት ደግሞ ዘበኛችን ሻዕባን ነው። ሻዕባን ከሻምበሉ ጋር ዘምቶ አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ ልጅ ነው። አንድ እግሩን ለአገሩ ሰጥቶ ሲመጣ ያገኘው ሥራ የአዛዡን ሁለት ጫማ መጥረግ ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም።

ሻምበሉ ስም የምገለብጥበት አንድ ሰማያዊ ደብተር ሰጠኝ። ከግንባር የመጣ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን ይላል። መጨረሻ ላይ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለ። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በቁራጭ ወረቀት ለጥፎ ሸፍኖታል። «ይኼ ለአንቺ አያስፈልግም» አለኝ። ወረቀት ለጥፎ ከታይፒስት ሊደብቅ! ሰውየው ጦር መርቷል ይባላል። ምሳ ሊበላ እንደ ወጣ ትንሽ ምራቅ አስነካሁና ላጥኩት።

«መኪና ተገልብጦ።» «ወባ።» «የራስ ወገን ፈንጂ።» «ወባ።» «በመብረቅ።» «መሣሪያ ሲወለውል ባርቆበት።» ስድሳ ሦስቱ ውስጥ በጠላት ጥይት የሞቱትን ስቆጥር ሃያ ስድስት ሆኑ። እነዚያም ቢሆኑ ምን ብለው እንደ ሞቱ የጻፈ ሰው የለም። በወባ የሞተ ልጅ ምን አጠፋ? እናቱ በወባ መሞቱን ብትሰማ ታፍርበታለች? ወባን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አሳፋሪው መድኃኒት ያልላኩት ሰዎች ነገር ነው፤ ደብዳቤውም የተጻፈው እነሱን ለመሸፈን ነው።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ «ሁንዴሳ ጂራታ፣ ባምባሲ» ይላል። ሁኔታው «ሲከዳ እርምጃ ተወሰደበት» ነው።

ይህን አነጋገር ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እርምጃ ተወሰደበት ማለት ገደልነው ማለት ነው፤ የገደለው ሰው ስም ግን አይገኝበትም።

ከሰዓት በኋላ ሻዕባን ማንጎው ሥር ተቀምጦ የሻምበሉን ጫማ ሲጠርግ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሻዕባን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው ጦር ሰፈር ወንድ ለወንድ ስለሆነ እኔንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግረኝ፤ ለምጄዋለሁ።

«ሁንዴሳ የሚባል ልጅ ታውቃለህ?» አልኩት።

ጫማው ጭኑ ላይ ቀረ። «እህቴ፣ አንተ ሁንዴሳ ጻፍክ?»

«ገና ነኝ። ከዳ ይላል።»

«አልከዳም! ወላሂ አልከዳም።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ውሃ የለም ነበር። ሁለት ቀን ውሃ የለም። አሥራ ስምንት ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነን፣ ምላስ እንጨት ሆነ። ሁንዴሳ ‹እኔ ይሄዳል› አለ። ሁለት ጀሪካን ያዘ፣ ወንዝ ወረደ። ሻምበል ተኝቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ተመለሰ። ወደ እኛ ነው የመጣው፣ ገባህ? የከዳ ሰው ወደ እኛ ይመጣል? ጀሪካን ተሸክሞ ሽቅብ መጣ። ሻምበል ተነሣ፣ ‹ያለ ፈቃድ የት ነበርክ?› አለ። ሽጉጥ አወጣ። መስኪን ሁንዴሳ ‹ውሃ› አለ። እሱ ነው የመጨረሻ ቃል። ‹ወደፊት› የለም። ውሃ ነው ያለው።»

«ማን ተኮሰ?» አልኩት፤ ብቻ ከአፉ እንድሰማው ነው።

በእጁ ወደያዘው ጫማ አመለከተኝ።

«ከዚያስ ምን ሆነ?»

ሻዕባን አቀረቀረና ጫማውን መጥረግ ቀጠለ። «ከዚያ የለም» አለ። የደበቀው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ አላስጨነቅሁትም።

ሻምበሉ ሲመጣ ደብተሩን ገልጬ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ጣቴን አደረግሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሴት ልጁን እንደሚመክር አባት ለስለስ አለ።

«አየሽ የወርቅውሃ፣ አንቺ ወረቀት ነው የምታዪው። እኔ ወላጅ ነው የማየው። አባቱ ፊት ቆሜ ‹ልጅህ ከሃዲ ነው› ልበለው? ጎረቤቱ ምን ይላል? እኔ እኮ ጀግና አደረግሁት! ሌላ አዛዥ ቢሆን ይኼን አያደርግለትም።»

«አልከዳም ይባላል፤ ውሃ ሊቀዳ ነው የሄደው።»

«ማነው ያለሽ?»

ስም አልጠራሁም። ሻዕባን ውጭ ተቀምጧል፤ ሥራው ያቺው ነች።

«ምሽግ ያለ ፈቃድ ለቆ መውጣት፣ ውሃም ይሁን ጠጅ፣ መክዳት ነው። በቃ። ጻፊ።»

ጻፍኩት። «የመጨረሻ ቃሉም ‹ወደፊት!› የሚል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሻምበሉን እንደምንቀው ሳወራችሁ ራሴን ያተረፍኩ እንዳይመስላችሁ። እሱ ዋሸ፤ እኔ ውሸቱን ያለ ስርዝ ድልዝ አሳምሬ መታሁለት። ማኅተሙንም ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

መርዶ ማለዳ ስለሆነ ወደ ባምባሲ የሄድነው ገና ሳይነጋ ነው። ሻምበሉ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና፣ እኔ ከኋላ። በየቤቱ መርዶ ስናረዳ ይህ ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር፤ ሰውየው ሥራውን ወዶታል። ደብዳቤውን በቃሉ ነው የሚለው። እናቶቹ ራሳቸውን ሲጥሉ ደግፎ ያነሣል። «እኔ አባታችሁ ነኝ» ይላል። ከዚያ የቀረበውን ሁሉ ይበላል፤ ካልበላሁ ሐዘንተኛ ይቀየመኛል ባይ ነው። ቀበቶው በሁለት ሳምንት አንድ ቀዳዳ እንደ ለቀቀ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

ባምባሲ ላይ አስተርጓሚያችን አብዲ ተሳፈረ። አብዲ የባምባሲ መምህር ነው፤ አባቱ ከወለጋ የመጡ ናቸው። ከዚያ እስከ ሁንዴሳ አባት፣ እስከ ጂራታ ቀበሌ ግማሽ ሰዓት ያህል በጠጠር መንገድ ነው። ጋቢናው ውስጥ ካሴት ተከፍቷል።

«ኦቦ ጂራታ ከባድ ሰው ናቸው» አለኝ አብዲ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ያስታርቃሉ። ሻምበሉን ሲጠይቁት ቀጥ አድርጎ ይመልስላቸው።»

«ምንድን ነው የሚጠይቁት?»

«በማን እጅ እንደ ሞተ። ሰው በሰው እጅ ከሞተ ይኼ ሳይጠየቅ እህል አይቀመስም። በጦርነት በጠላት እጅ ከሆነ አልቅሰን እርማችንን እናወጣለን፤ አለቀ። በወገን እጅ ከሆነ ግን ጉማ፣ የደም ካሳና ዕርቅ፣ አለበት። ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ ድረስ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ከአንድ ሳህን አይበሉም፣ በአንድ ቅል አይጠጡም።»

«ሳያውቁ አብረው ቢበሉስ?»

አብዲ እንዲህ ያለ ነገር በመጠየቄ የደነገጠ መሰለ። «አያድርስ! ቤቱ ይረክሳል። የልጃቸውን ደም የበሉ ያህል ነው። ለዚህ እኮ ነው ከምግብ በፊት የሚጠየቀው። ምነው?»

«ምንም» አልኩት። ትንሽ ቆይቼ የጋቢናውን መስታወት አንኳኳሁ። ሻምበሉ ካሴቱን ቀንሶ ዞረ።

«ሻምበል፣ እዚህ ቤት ምንም ባይቀምሱ ይሻላል። ባህላቸው ነው።»

«ሐዘን ቤት የቀረበን አልበላም ይባላል እንዴ? አንቺ ባህል አታውቂም» አለኝና ካሴቱን ከፍ አደረገ።

የጂራታ ግቢ ከመድረሳችን በፊት ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ማታውን ነግሯቸዋል። ሰው እንዲህ በማለዳ ግቢው ውስጥ ሲሞላ ማንም አይሳሳትም። የሁንዴሳ እናት አዴ ቡሴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። አባቱ ጂራታ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ከዘራውን ተደግፎ ሻምበሉን ከእግር እስከ ራሱ አየው። መቼም ያ ጫማ በዚያ አቧራ ማብረቁ ያስገርማል።

ሻምበል ቢሻው ደብዳቤውን ይዞ እንደ ለመደው በቃሉ አለው። «ወደፊት!» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እዚህም አደረገ። ከዚያ የሚሆነውን አልተርክላችሁም። አንዲት እናት አንድ ወንድ ልጇን አጥታለች፤ ስታለቅስ ያየሁት ከእኔ ጋር ይቅር። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻምበሉ ሊደግፋት ሲሄድ እኔ ቀድሜው ያዝኳት። በእሱ እጅ መነካቷን መቻል አቃተኝ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሽማግሌዎቹ ለቅሶውን አበረዱት። ቤት ገባን፤ ሻምበሉ የክብር ቦታ፣ ግድግዳው ጥግ፣ በርኖስ የተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀመጠ። ጂራታ ፊት ለፊቱ ቆመ። አማርኛ ያውቃል፤ ዕድሜውን በርበሬና ሰሊጥ ሲነግድ ኖሯል። ይህን ጥያቄ ግን በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው የጠየቀው። አብዲ ተረጎመ።

«ልጄ በማን እጅ ነው የሞተው? ይላሉ።»

«በጠላት ጥይት» አለ ሻምበሉ። «ምሽጉን ደርምሶ...»

ጂራታ አቋረጠው።

«ጥይቱን አልጠየቅሁም ይላሉ። እጁን ነው።»

«የጠላት እጅ ነዋ!»

«አይተሃል? ይላሉ።»

«በዓይኔ ነው ያየሁት። አጠገቡ ነበርኩ» አለ ሻምበሉ፤ ደረቱንም መታ። ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው። አጠገቡ ነበር እኮ። እውነትን እንደዚያ አድርጎ የውሸት መሣሪያ ያደረገ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ጂራታ ሻምበሉን ትንሽ ካየው በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ያ ትልቅ ሰው አመነው። ስንት ሰው ያስታረቀ፣ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት አይቶ ያወቀ ሽማግሌ፣ ልጄን ይዞ የሄደ ሰው ይዋሸኛል ብሎ ማሰብ አልቻለም። ወደ ጓዳ አንድ ነገር ተናገረ፤ የሁንዴሳ እህት ኢልሊ ማስታጠቢያና አንድ ትልቅ ሳህን ንፍሮ ይዛ ወጣች። ሳህኑን መካከል አስቀመጠች። ሻምበሉ እጁን ዘረጋ። ኢልሊ ውሃ ታፈስለታለች፣ እሱ እጁን እያሻሸ ይታጠባል። ዓይኗ አብጦ እያለ «ይበቃዎታል?» አለችው፤ በአክብሮት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጄን አልዘረጋሁም።

«ታጠቢ፣ ልጄ» አለችኝ አዴ ቡሴ። በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መካከል የእኔን አለመታጠብ አየች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመረረኝ። ሥራዬ፣ ደመወዜ፣ የሻዕባን ሥራ፣ ሁሉም በሐሳቤ አለፉ፤ አልዋሽም፣ ሁሉንም አሰብኳቸው። ሻምበሉ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

«እሱ አይብላ» አልኩ።

ሻምበል ቢሻውን ፊቱ ላይ «እሱ» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አብዲ አልተረጎመም፤ አፉን ከፍቶ አየኝ። መተርጎምም አላስፈለገም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ሻምበሉ። እጁ ንፍሮው ላይ ቆሟል።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው» አልኩ። ጂራታን እያየሁ ነው የተናገርኩት። «ሁንዴሳ ምሽግ ሲደረምስ አልሞተም። ለሁለት ቀን ውሃ አልነበራቸውም። አሥራ ስምንት ሆነው ሊሞቱ ሲደርሱ ‹እኔ እሄዳለሁ› ብሎ ወንዝ ወረደ። ውሃውን ቀድቶ፣ ተሸክሞ ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ ነው የተመታው። የመታው ሰው እርስዎ ቤት ተቀምጧል።»

ሻምበሉ ብድግ አለ። ሻምበልነቱ ሁሉ ከላዩ ረገፈ። መጀመሪያ «የጦር ምስጢር ነው!» አለ። ቀጥሎ «አስርሻለሁ!» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይህን እንዴት እንዳሰበው እግዜር ይወቅ፣ ወደ ጂራታ ዞሮ «ኦቦ፣ ከሃዲ ነበር፤ እኔ ለእናንተ ክብር ብዬ ነው የደበቅሁት» አለ። ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ጂራታ አሁን በአማርኛ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እጁ የአንተ ነው?»

«ትእዛዝ ነው! የጦር ሕግ ነው! ያለ ፈቃድ ምሽግ የለቀቀ...»

«ትእዛዝ እጅ የለውም። እጁ የአንተ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

ሻምበሉ በሩን አየ። በሩ ላይ የሁንዴሳ አጎቶች ቆመዋል፤ ማንም አልነካውም፣ ማንም ዱላ አላነሣም፤ ቆመው ብቻ ነው። ያን ያህል ጦር መራሁ የሚለው ሰው ወደ መደቡ ሲያፈገፍግ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም ደስ አላለኝም።

«የኔ ነው» አለ።

ጂራታ ከዘራውን ወደ በሩ ዘረጋ። «በሩ ላይ ሆነህ ይህን ብትለኝ ኖሮ መንገድ ነበረን» አለ። «ሰው ይገድላል። ተቆጥቶም፣ ፈርቶም፣ ተሳስቶም ይገድላል። ገዳይ ‹እኔ ነኝ› ብሎ ሲመጣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃል። እኔ ራሴ ስንቱን አስታርቄአለሁ። አንተ ግን ልጄን ገድለህ፣ ዋሽተኸኝ፣ ከሳህኔ ልትበላ ነበር።»

ሻምበሉ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱም መሄድ እየፈለገ እግሩን ማንሣት ያቃተው ይመስላል። ያን ጊዜ አዴ ቡሴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። አማርኛዋ የባሏን ያህል አይደለም፤ ቃል እየፈለገች ነው የተናገረችው።

«ልጄ ውሃው ጠጥቶ ነበር?»

ሻምበሉ አላያትም። «አላውቅም።»

«ከንፈሩ፣ ከንፈሩ ደረቅ ነው? አንተ አጠገብ ነበርኩ ብለሃል።»

«ደረቅ ነበር» አለ። «ለእኛ ቀድሞ ሊያደርስ የሮጠ ይመስለኛል።»

አብዲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውሃውስ? ፈሰሰ?»

«አልፈሰሰም።»

«የት ሄደ?»

ሻዕባን ማንጎው ሥር ጫማ እየጠረገ ያልነገረኝ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሻምበሉ የታጠቡ እጆቹን አየ። ኢልሊ ፎጣ ስላልሰጠችው ገና እርጥብ ነበሩ።

«ጠጣነው» አለ። «ሁላችንም።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ፣ በጣም ያረጀው፣ ጂራታን በዝግታ አንድ ነገር ጠየቀው። ጂራታ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘና መልሱን ለሻምበሉ ነገረው።

«ሰው ለገደለ ሕግ አለን» አለው። «ገድሎ፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ፣ የገደለው ልጅ ተሸክሞ ያመጣለትን ውሃ ለጠጣ ግን አባቶቻችን ያወጡልን ሕግ የለም። ምን እንደምናደርግህ አናውቅም።»

ቢደበድቡት ኖሮ ሻምበሉ ይችለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለ ዱላ የሚያወራው ብዙ ነገር አለው፤ ተደብድቦ ቢሆን ለዓመታት ያወራው ነበር።

አዴ ቡሴ ግን ገና አልጨረሰችም። አንድ እርምጃ ጠጋ አለችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ልጇ ሩቅ መንገድ ተልኮ የሄደበት ነገር ተሳክቶለት እንደ ሆነ የምትጠይቅ እናት ፊት ነው የነበራት።

«ጥማችሁን ቆረጠላችሁ?» አለችው።

ሻምበል ቢሻው ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረውም፤ ቃሉን ከራሱ ማውጣት ነበረበት።

«ቆረጠልን» አለ።

ኢልሊ ንፍሮውን ከፊቱ አነሣች።